ስለ አፍንጫ መታፈንና በአፍንጫ ስለሚረጨው መድኃኒት

ከጀማ ሸለቆ ተነሥቶ ወደ ዓለም ከተማ የሚወጣ መንገደኛ በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት ዐይነት አየር ይተነፍሳል። በቆላው ሳለ ሙቀቱ ላብ በላብ ያደርገዋል፤ ዳገቱን ጨርሶ አምባው ላይ ሲወጣ ግን ደረቅና ቀዝቃዛ ነፋስ ፊቱን ይመታዋል። ጕዳይ ኖሮት ወደ መንዝ ደጋ፥ እስከ መሐል ሜዳ ድረስ ቢዘልቅማ አገሩ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ነውና፥ በርኖስ ደርቦም ቢሆን ሌሊቱ አይቀልለትም። በማግሥቱ አፍንጫው ተደፍኖ፥ ድምፁ ጐርንኖ፥ ራሱ ከብዶት ይነሣና «ብርድ መታኝ» ይላል።

ይህ ቃል በአገራችን ከጥንት ሲነገር የኖረ ነው፤ ግማሽ እውነትም አለው። ጕንፋንን የሚያመጣው ብርዱ ራሱ ሳይሆን፥ በዐይን የማይታይ ቫይረስ የተባለ ረቂቅ ተሐዋሲ ሲሆን፥ ይኸውም ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽ፥ በሳልና በእጅ ይተላለፋል። ነገር ግን ደረቅና ቀዝቃዛ አየር የአፍንጫን የውስጥ ቆዳ ስለሚያደርቀውና ስለሚያስቈጣው፥ ብርዱም ሰዎችን በአንድ ጠባብ ቤት በአንድ ምድጃ ዙሪያ ስለሚሰበስባቸው፥ ለተሐዋሲው መንገዱን ይጠርግለታል።

የአፍንጫ መታፈን ብዙ ሰው የሚንቀው ሕመም ነው። «ጕንፋን ነው፥ ያልፋል» ተብሎ ይተዋል፤ ብዙ ጊዜም በእውነት በ7 ወይም በ10 ቀን ውስጥ ያልፋል። ሆኖም አፍንጫው የታፈነ ሰው ሌሊቱን በአፉ ሲተነፍስ ያድርና ጉሮሮው ይደርቃል፤ እንቅልፍ ያጣና በማግሥቱ በሥራው ላይ ይፈዛል። ሕፃን ልጅ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከዚህ ይከፋል፤ ጡት እየጠባ መተንፈስ የሚችለው በአፍንጫው ነውና፥ አፍንጫው ሲዘጋ ጡቱን ይዞ ይለቅቃል፥ ያለቅሳል፥ ሳይጠግብም ያድራል። በዚህ ላይ በዛሬው ዘመን አፍንጫን ባንድ አፍታ የሚከፍት መድኃኒት በትንሽ ብልቃጥ ተደርጎ በየመድኃኒት ቤቱ ስለሚሸጥ፥ ሰው ሁሉ ሐኪም ሳይጠይቅ እየገዛ በኪሱ ይዞ ይዞራል። መድኃኒቱ መልካም ነው፤ አጠቃቀሙን ያላወቁበት እንደ ሆነ ግን ያንኑ ሊያድን የመጣበትን ሕመም ራሱ የሚወልድ ይሆናል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ጀምሮ ለክቡራን አንባብያን መግለጽ የሚገባ ሆኖ አግኝተነዋል።

አፍንጫ የሽታ መለያ ብቻ አይደለም። አንድ ሰው በቀንና በሌሊት የሚተነፍሰው አየር ከ10,000 ሊትር የማያንስ ነው፤ ይህን ሁሉ አየር አፍንጫ ከትቢያው አጣርቶ፥ አሙቆና አርጥቦ ወደ ሳንባ ይሰድደዋል። ለዚህም ሥራ በየአፍንጫው ቀዳዳ ውስጥ እንደ መደርደሪያ አንዱ ባንዱ ላይ የተደረደሩ፥ ስስ ቆዳ የለበሱ የአጥንት ጥቅልሎች አሉ። ከቆዳው በታች እጅግ ብዙ የደም ሥሮች ስላሉ፥ ደም ሲሞላባቸው ያብጣሉ፤ ደሙ ሲቀንስላቸው ይሟሽሻሉ። ጤነኛ ሰው እንኳ ሁለቱ ቀዳዳዎቹ እኩል ክፍት ሆነው አይውሉም፤ አንዱ በጥቂቱ ሲጠብ ሌላው ይሰፋና ከጥቂት ሰዓት በኋላ ተራቸውን ይለዋወጣሉ። ይህን ነገር ሪካርድ ካይዘር የተባለ የጀርመን ሐኪም በ1895 ዓ.ም. በኤውሮፓ አቈጣጠር መርምሮ ጽፎታል። እንግዲህ በጐኑ ተኝቶ ሳለ አንዱ ቀዳዳ የተደፈነበት ሰው ሁሉ ታሟል ማለት አይደለም።

ከዚህ የምንማረው አንድ ትልቅ ነገር አለ። አፍንጫ «ታፈነ» ሲባል ብዙ ሰው የሚመስለው ንፍጥ የሞላበት ነው፤ ስለዚህም መሐረቡን ይዞ ባለ በሌለ ኀይሉ ይናፈጣል። መንገዱን የዘጋው ግን አብዛኛውን ጊዜ ንፍጡ ሳይሆን በደም ሥሮቹ መሙላት ያበጠው ሥጋ ነው። እብጠት በመናፈጥ አይወጣም። እንዲያውም ሁለቱን ቀዳዳ ይዞ በኀይል መናፈጥ ንፍጡን ወደ ጆሮና በፊት አጥንት ውስጥ ወዳሉት ክፍት ጓዳዎች ይገፋዋል። አንዱን ቀዳዳ በጣት ዘግቶ ሌላውን በቀስታ መናፈጥ ይበቃል።

እብጠቱን የሚያመጣው ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። ከጕንፋን ቀጥሎ የሚበዛው አለርጂ የሚባለው የሰውነት መቈጣት ነው። በመርሐ ቤቴና በመንዝ የሚኖር ሰው ይህን በዓመቱ ወራት ሊለየው ይችላል፤ ክረምቱ አልፎ ሣሩና አበባው በሚፈነዳበት በመስከረምና በጥቅምት የሚያስነጥሰው፥ ዐይኑን የሚያሳክከውና ቀጭን ውኃ ካፍንጫው የሚወርደው ሰው አለ፤ ደግሞ ጤፉና ገብሱ በዐውድማ ሲወቃ፥ ገለባው ሲነሣና አቧራው ሲጨስ የሚታፈን አለ። ትኩሳት ሳይኖር ከሳምንታት የሚረዝም፥ በየዓመቱም ጊዜውን ጠብቆ የሚመለስ ከሆነ፥ ይህ ጕንፋን ሳይሆን አለርጂ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል።

ጢስም ሌላው ጠላት ነው። እንጨት ባነሰበት በደጋው አገር ምድጃው የሚነደው በኩበት ነው፤ መስኮት በሌለበት ማድ ቤት ውስጥ ጢሱ የሚታጠረው ከሁሉ በፊት በሴቶችና በጀርባቸው ባዘሉት ሕፃናት ላይ ነው። ባለቤቱ በእልፍኝ ተቀምጦ ስለ አፍንጫው መድኃኒት ሲያማርጥ፥ ወጥ ቤቷ ዐይኗን በነጠላዋ እየጠረገች ስትሳል መስማት አዲስ ነገር አይደለም። ለማድ ቤቱ የጢስ ማውጫ ማበጀት ከብዙ ብልቃጥ መድኃኒት የበለጠ ጥቅም አለው። ሱረት በአፍንጫ መሳብም እንዲሁ ነው፤ ሳቢው ሲያስነጥሰው አፍንጫው የተከፈተለት ይመስለዋል፤ ትምባሆው ግን ቆዳውን ያስቈጣዋል እንጂ አያድነውም።

በሁለቱም ወገን ሳይሆን ባንዱ ቀዳዳ ብቻ የሚሆን መታፈን ለብቻው ሊታሰብ ይገባዋል። ትንሽ ልጅ ባንድ በኩል ብቻ አፍንጫው ተዘግቶ የሚሸት ፈሳሽ የሚወርደው እንደ ሆነ፥ ሽምብራ ወይም ባቄላ ወይም ዶቃ ወደ ውስጥ ሳይከትት አልቀረም። ከምንጭና ከኩሬ በሚጠጣበት አገር ደግሞ አልቅት አለ። አልቅት በውኃ ውስጥ ሳለች ከክር የማትወፍር ስለ ሆነች ሳትታይ ከውኃው ጋር ትገባና፥ በአፍንጫ ጓዳ ወይም በጉሮሮ ተጣብቃ ደም እየመጠጠች ትወፍራለች። ምልክቷ ባንድ ወገን መታፈን፥ አፍንጫ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ያለ መምሰልና እየቆየ የሚመላለስ ነስር ነው። በእኛ አገር ሐኪሞች ይህን በሽተኛ ዛሬም ያገኙታል። እንዲህ ያለውን ነገር በቤት ውስጥ በወረንጦ ለማውጣት መታገል ወደ ውስጥ እንዲወርድ ያደርገዋልና ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ነው።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ለጕንፋን መድኃኒት አጥተው አያውቁም። በመንዝ ደጋ በየገደሉና በየሜዳው የሚበቅለው ጦስኝ ከሻይ ጋር ይፈላል፤ ዳማከሴ ይታሻል፥ ይሸተታል፥ ከቡናም ጋር ይጠጣል፤ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት፥ ፌጦም አይቀሩም። ትኩስ መጠጥ ጉሮሮን ያለሰልሳል፥ ንፍጥን ያቀጥናል፥ በሽተኛውንም ያጽናናል፤ ስለዚህ የጦስኙን ሻይ የሚከለክል ሐኪም የለም። ነገር ግን ልማድ ሁሉ አንድ አይደለምና አንዳንዱን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልቶ በእንፋሎቱ መታጠን የተለመደ ነው። እንፋሎቱ ለጊዜው ደስ ያሰኛል፤ የባሕር ዛፍም ሆነ የሜንቶል ሽታ አፍንጫው የተከፈተ እንዲመስል ያደርጋል እንጂ እብጠቱን አይቀንሰውም። ጕዳቱ የሚመጣው ከድስቱ ነው፤ በጋቢ ተከናንቦ በፈላ ድስት ላይ ያጐነበሰ ሰው፥ ይልቁንም ልጅ፥ ውኃው ቢደፋበት ፊቱና ጭኑ ይላጣል። ስለዚህ ልጅን በፈላ ውኃ ማጠን ፈጽሞ ሊቀር የሚገባው ነገር ነው።

የዳማከሴን ጭማቂ በአፍንጫ ማንጠብጠብ፥ ለጋ ቅቤም በአፍንጫ ማግባት በብዙ ቤት ይደረጋል። ቅጠሉ ካልተፈላ ውኃና ከእጅ እድፍ ጋር ስለሚገባ ቍስል ሊያመጣ ይችላል። ቅቤው ግን ከዚህ የከፋ ነው። ቅቤና ዘይት በአፍንጫ ሲገባ በቀስታ ወደ ኋላ ይንሸራተትና ሳያስል፥ ሳያስነጥስ ወደ ሳንባ ይወርዳል፤ በዚያም ሳንባው ሊያስወግደው ስለማይችል እብጠትን ያመጣል። ይህ የሳንባ ሕመም በተለይ በሕፃናት ላይ የታወቀ ነው። አያት ወድዳ የምታደርገው ነገር ስለ ሆነ መከልከሉ ለምራቲቱ እንደሚከብዳት እናውቃለን፤ ቢሆንም የቤቱ አባወራ ቃል ሊናገርበት የሚገባው ስፍራ ይህ ነው። ጕንፋን በያዘው ልጅ ላይ እንጥል ማስቈረጥም እንዲሁ፥ ደም የሚያፈስና ቍስል የሚያመርቅዝ እንጂ አፍንጫ የሚከፍት አይደለም።

ከቤት መድኃኒት ሁሉ ሐኪሞችም አገሬውም የሚስማሙበት ጨው የገባበት ውኃ ነው። የጨው ውኃ የደረቀውን ንፍጥ ያርሳል፥ አቧራውንና የአበባውን ብናኝ ያጥባል፥ ልማድ ሆኖ ሰውን አያስገድድም፥ ለነፍሰ ጡርም ለሽማግሌም አይከለከልም። አሠራሩም ይህ ነው፦ በግማሽ ሊትር ውኃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ያልተቈለለ ንጹሕ የገበታ ጨው ማሟሟት። ከዚህ ቢያንስም ቢበዛም ያቃጥላል። ተራ ውኃ ያለ ጨው በአፍንጫ ሲገባ የሚቈጠቍጠው የሰውነታችን እርጥበት ራሱ ጨዋማ ስለ ሆነ ነው።

ውኃው ግን አስቀድሞ መፍላት አለበት፤ ይህ ነገር ቀላል መስሎ እንዳይታይ አደራ እንላለን። በ2011 ዓ.ም. በኤውሮፓ አቈጣጠር በአሜሪካ በሉዊዚያና ግዛት ሁለት ሰዎች አፍንጫቸውን ባልተፈላ የቧንቧ ውኃ አጥበው፥ በውኃው ውስጥ የነበረች አሜባ የተባለች ረቂቅ ተሐዋሲ በአፍንጫቸው በኩል ወደ አንጎላቸው ገብታ ሞተዋል። ያችው ውኃ በአፍ ብትጠጣ ኖሮ ይህን ጕዳት አታመጣም ነበር፤ የሆድ አሲድ ይገድላታልና፤ አፍንጫ ግን እንዲህ ያለ ዘበኛ የለውም። በሰለጠነው አገር በተጣራ የቧንቧ ውኃ እንዲህ ከሆነ፥ ከምንጭ የተቀዳ ውኃ ምንም ጥርት ያለ ቢመስል እንዴት ይታመናል? በደጋ ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከፍታ በጨመረ ቍጥር ውኃ ሳይግል ቶሎ ይፈላል፤ በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ ቆላ ላይ 1 ደቂቃ የሚበቃው መፍላት፥ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነው በዓለም ከተማም ሆነ በመንዝ 3 ደቂቃ መሞላት አለበት። ከዚያ በኋላ ተከድኖ ለብ እስኪል ይቀዝቅዝ፤ የተረፈውም ከአንድ ቀን በላይ አይቀመጥ።

ማጠቢያው ንጹሕና መርፌ የሌለበት ስሪንጅ ቢሆን መልካም ነው። ሰውየው በሳፋ ላይ አጐንብሶ፥ ራሱን ወደ ጐን ዘንበል አድርጎ፥ አፉን ከፍቶ እየተነፈሰ፥ በላይኛው ቀዳዳ በቀስታ ይጨምራል፤ ውኃውም በሌላው ይወጣል። መጀመሪያ ቀን ያስደነግጣል፤ በሦስተኛው ቀን ፊት እንደ መታጠብ ይሆናል።

አሁን ወደ ብልቃጦቹ እንምጣ። በመድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ በመልክ የሚመሳሰሉ፥ በሥራቸው ግን የማይገናኙ ሦስት ዐይነት የአፍንጫ መድኃኒቶች አሉ። አንደኛው ያንኑ የጨው ውኃ በብልቃጥ ያደረገ ነው፤ ስለ እርሱ የተናገርነው ይበቃል። ሁለተኛው ቤክሎሜታዞን፥ ቡዴሶናይድ፥ ፍሉቲካሶን፥ ሞሜታሶን በሚባሉ ስሞች የሚሸጠው የስቴሮይድ ወገን ነው። ይህ ለአለርጂ ዋነኛው መድኃኒት ሲሆን፥ ዛሬ ተረጭቶ ዛሬ አያድንም፤ በየቀኑ ሳይቋረጥ ሲደረግ ሥራው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ይፈጸማል። ብዙ ሰው በሁለተኛው ቀን «ይህስ አይረባም» ብሎ ይጥለዋል፤ ከዚያም ወደ ሦስተኛው ይሄዳል፤ መከራውም የሚጀመረው ከዚያ ነው።

ሦስተኛው ዛይሎሜታዞሊን ወይም ኦክሲሜታዞሊን የተባለው ነው፤ በአገራችን ብዙ ሰው ኦትሪቪን በሚለው የንግድ ስሙ ያውቀዋል። ይህ መድኃኒት ያበጡትን የደም ሥሮች ያጠብባቸዋል፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አፍንጫው ይከፈታል፥ ኀይሉም እስከ ግማሽ ቀን ሊቆይ ይችላል። በከባድ ጕንፋን ሌሊት እንቅልፍ ላጣ ሰው ትልቅ ዕረፍት ነው። ከዛይሎሜታዞሊን ለአዋቂ የሚሰጠው ከመቶ 0.1 ኀይል ያለው ሲሆን የልጆቹ ግማሹ፥ ማለት 0.05 ነው፤ በብልቃጡ ላይ የተጻፈውን ቍጥር ሳያነብቡ የአባትን ለልጅ ማድረግ አይገባም።

እስኪ አንድ የመዝገብ ቤት ሹም እናስብ። በኅዳር ጕንፋን ያዘውና ብልቃጡን ገዛ፤ በሦስት ቀን ተሻለው። ነገር ግን በአራተኛው ሌሊት ጥቂት የታፈነ መሰለውና ደገመ፤ ተከፈተለት። በሁለተኛው ሳምንት ኀይሉ እስከ ማታ አልቆይ አለው፤ ስለዚህ በቀን ሁለት ጊዜ ያደርገው የነበረውን አራት ጊዜ አደረገው። በጥር ብልቃጡ በኪሱ፥ ሌላው በራስጌው፥ ሦስተኛው በጠረጴዛው መሳቢያ ነው። ብልቃጡን ረስቶ ለሹመት ቃለ መሐላ ወይም ለሠርግ የሄደ እንደ ሆነ ትንፋሽ ያጥረዋል፥ ይጨነቃል፥ ሰው ልኮ ያስመጣል። እርሱም «ይህ ጕንፋን አልለቅ አለኝ» ይላል። ጕንፋኑ ግን ከለቀቀው ሁለት ወር ሆኖታል፤ አሁን የሚያፍነው መድኃኒቱ ነው። የደም ሥሮቹ በመድኃኒት እየተገደዱ መጥበብ ሲለምዱ፥ መድኃኒቱ ባለቀ ጊዜ ከቀድሞው የበለጠ ደም ሞልቶባቸው ያብጣሉ፤ ሰውየውም ያንን እብጠት ለማስታገስ እንደ ገና ይረጫል። ይህን የመሰለ ዙር በዓለም ሁሉ የታወቀ ሲሆን፥ ዓመታት ያሳለፉበት ሰዎች አሉ።

ስለዚህ ሕጉ አጭር ነው፦ 3 ቀን፥ ቢበዛ 5 ቀን፥ ከዚያ ማቆም። በብልቃጡ ላይ የተጀመረበትን ቀን በእርሳስ መጻፍ ጥሩ ዘዴ ነው፤ ሰው «ትናንት ነው የጀመርኩት» እያለ ራሱን ማታለል ይወድዳልና።

በዚህ ወጥመድ የተያዘ ሰውም ተስፋ አይቍረጥ። ባንድ ጊዜ ሁለቱን መተው የከበደው እንደ ሆነ፥ መጀመሪያ ባንዱ ቀዳዳ ብቻ ይተው፤ ያ ወገን ለጥቂት ቀን ይታፈንና ይከፈታል፤ ከዚያ በኋላ ሁለተኛውን ይተው። በዚህ መካከል የጨው ውኃ ያግዘዋል፤ ሐኪምም ብዙ ጊዜ የስቴሮይዱን መርጫ ያዝለታል። ከሁሉ የሚከብደው የመጀመሪያው ሳምንት ነው። በትራስ ከፍ ብሎ መተኛትም ይረዳል።

መድኃኒቱ የማይስማማቸው ሰዎችም አሉ። ደም ግፊት ያለበት፥ የልብ ሕመም ያለበት፥ እንቅርቱ ከልክ በላይ የሚሠራበት፥ ግላኮማ የተባለው የዐይን ሕመም ያለበት፥ ነፍሰ ጡርም የሆነች ሐኪም ሳይጠይቁ የደም ሥር አጥባቢውን መርጫ ሊጠቀሙበት አይገባም፤ በአፍንጫ የገባው ወደ ደም ይሻገራልና። ለድብርት የሚሰጥ መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ይህንኑ ለባለመድኃኒቱ ይንገር፤ አንዳንዶቹ ከዚህ ጋር አይስማሙምና። ከ6 ዓመት በታች ላለ ልጅ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይደረግ።

ለልጅ ከሚረጨው ይልቅ ግን ልጅ የሚጠጣው ያስፈራል። ብልቃጡ ትንሽና የሚያምር ስለ ሆነ ሕፃናት አንሥተው ይጠቡታል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2012 ዓ.ም. በኤውሮፓ አቈጣጠር በጥቅምት ወር ባወጣው ማስጠንቀቂያ፥ ከእነዚህ የአፍንጫና የዐይን ጠብታዎች ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሊትር ብቻ፥ ማለት ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ያነሰ፥ መዋጥ ሕፃንን ብርቱ ጕዳት ላይ ሊጥለው እንደሚችል ገልጿል። ልጁ ያንቀላፋል፥ የልቡ ምት ይዘገያል፥ ትንፋሹ ይደክማል፥ ራሱንም ይስታል። ይህ ምልክት የታየበት ልጅ «ይተኛ» ተብሎ ሳይተው፥ ብልቃጡን ጭምር ይዞ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ይገባል። የእናቲቱ ራስጌ፥ የእንግዳው ኮት ኪስ፥ የቡናው ረከቦት አጠገብ ለዚህ ብልቃጥ ስፍራ አይደለም፤ ቍልፍ ያለው ሣጥን ይሻለዋል።

አረጫጨቱም ሥርዓት አለው፤ ብዙ ሰው ራሱን ወደ ኋላ ቀልብሶ ወደ ጣራ እያየ ይረጫል፤ መድኃኒቱም በጉሮሮው ወርዶ ይመርረዋል፥ አፍንጫውም ሳይጠቀም ይቀራል። የሚገባው ይህ ነው፦ አስቀድሞ በቀስታ መናፈጥ፤ ብልቃጡ ይነቅነቅ የሚል እንደ ሆነ መነቅነቅ፤ አዲስ ከሆነ ጭጋጉ እስኪወጣ ወደ አየር መርጨት፤ ራስን ጥቂት ወደ ፊት ዘንበል ማድረግ። ከዚያም በቀኝ እጅ ለግራው፥ በግራ እጅ ለቀኙ ቀዳዳ ማድረግ፤ እንዲህ ሲሆን ጫፉ ሳይታሰብ ወደ ውጭ፥ ወደ ጆሮ ወገን ይዞራል። ሁለቱን ቀዳዳ የሚለየው የመካከሉ ግድግዳ ስስ ነውና፥ ዘወትር መድኃኒት ቢረጭበት ይቈስላል፥ ነስርም ያመጣል። ሲረጩ በቀስታ መሳብ እንጂ ሱረት እንደሚስብ ሰው በኀይል መማግ አያስፈልግም። ሲያበቃ ጫፉን በንጹሕ ጨርቅ ጠርጎ መክደን።

ነስር የያዘው ሰውም በልማድ ራሱን ወደ ኋላ ያደርጋል፤ ደሙንም ይውጣል። ወደ ፊት አጐንብሶ፥ ከአጥንቱ በታች ያለውን ለስላሳውን የአፍንጫ ክፍል በሁለት ጣት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሳይለቅቅ መያዝ ይገባዋል። ደረቅ በሆነው የደጋ አየር ይህ የሚያስፈልገው ሰው ብዙ ስለ ሆነ እግረ መንገዳችንን ጠቀስነው።

ስለ እንክብልም አንድ ቃል። ለጕንፋን ተብለው በሚሸጡት ብዙ እንክብሎች ውስጥ ፊኒሌፍሪን የተባለ አፍንጫ ከፋች መድኃኒት ይገባል። በ2016 ዓ.ም. በመስከረም ወር የአሜሪካ የመድኃኒት ተቈጣጣሪ አማካሪዎች ማስረጃውን ሁሉ መርምረው፥ ይህ መድኃኒት በአፍ ሲዋጥ አፍንጫን እንደማይከፍት ባንድ ድምፅ ፈርደዋል። ስለዚህ ገንዘቡን ለጦስኝና ለማር ቢያውለው ሰው አይከስርም። አንቲባዮቲክም ቫይረስን አይገድልምና ለተራ ጕንፋን አይረባም፤ ይልቁንም ያለ አግባብ በተወሰደ ቍጥር ለሚያስፈልግበት ቀን ኀይሉን ያጣል።

ለሕፃን የሚደረገው ከሁሉ የቀለለ ነው። ከላይ እንደ ተናገርነው በተዘጋጀው የጨው ውኃ፥ ለብ ባለ ጊዜ፥ ጡት ከመስጠት ጥቂት አስቀድሞ በየቀዳዳው አንድ ወይም ሁለት ጠብታ ማንጠብጠብ፤ ንፍጡ ሲርስ በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ ወይም በመምጠጫ ቀስ አድርጎ ማውጣት። ጡቱንም ባጭር ባጭር ጊዜ ማጥባት። ካምፎር ያለበትን ቅባት፥ ቪክስ የሚባለውን ጭምር፥ ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ማድረግ፥ ለማንም ቢሆን ወደ አፍንጫ ውስጥ ማስገባት አይገባም።

ትንፋሹ የፈጠነ፥ ሲተነፍስ የጐድን ሥሩ የሚሰረጕድ፥ ጡት መያዝ ፈጽሞ ያቃተው ወይም ሦስት ወር ሳይሞላው ትኩሳት የያዘው ሕፃን ግን በቤት የሚታከም አይደለም። አዋቂም ቢሆን ሕመሙ ከ10 ቀን አልፎ ፊቱን የሚያመውና ትኩሳት ያለው፥ ተሽሎት ሳለ እንደ ገና የባሰበት፥ ዐይኑ ዙሪያ ያበጠ ወይም አጥርቶ ማየት ያቃተው፥ ባንድ ወገን ብቻ የሚደማ ከሆነ፥ ሐኪም ሊያየው ይገባል። በዓለም ከተማ የእናት ሆስፒታል አለ፤ በየቀበሌውም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሕፃኑን ትንፋሽ ቈጥረው አስጊውን ከማያሰጋው ሊለዩ ይችላሉ። ከገጠር የሚመጣ ሰው ወንዝ ሳይሞላ፥ ቀን ሳይመሽ መነሣት እንዳለበት በመርሐ ቤቴ የሚኖር ሁሉ ያውቀዋል።

መድኃኒቱን የሚገዛው ሰው ፈቃድ ካለው መድኃኒት ቤት ይግዛ፤ በገበያ ቀን በጨርቅ ላይ ተዘርግቶ ፀሓይ ሲመታው የዋለውን አይንካ። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ዐዋጅ ቍጥር 1112 በ2011 ዓ.ም. የወጣው ለዚሁ ቍጥጥር ነው። ብልቃጡም የአንድ ሰው ይሁን፤ ባልና ሚስት እንኳ አይዋዋሱት፥ የአንዱ ተሐዋሲ በጫፉ ላይ ሆኖ ወደ ሌላው ይሄዳልና። ከተከፈተ በኋላ የሚቆይበት ጊዜ በወረቀቱ ላይ ተጽፏል፤ ብዙዎቹ ከአንድ ወር አያልፉም። አምና ለጕንፋን ተገዝቶ በመሳቢያ የተረሳው ብልቃጥ ሲገኝ፥ ውስጡ ገና ግማሽ ቢሆንም፥ ወደ መድኃኒት ቤቱ መልሶ በደንቡ እንዲወገድ ማስረከብ ነው።